የዴንቨር ከተማን ከጎርፍ የሚጠብቀው የቼሪ ክሪክ የአፈር ግድብ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ መሀል በስተደቡብ ምሥራቅ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የቼሪ ክሪክ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራው የተጠናቀቀ የአፈር ግድብ ነው። ቁመቱ 43 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ ከ4 ነጥብ 3 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ይህ ግድብ ዛሬ ዙሪያውን በመኖሪያ ሠፈሮች፣ በጽሕፈት ቤቶችና በአውራ ጎዳናዎች ተከቧል። በጀርባው ላይ የተዘረጋውን የመኪና መንገድ የሚጠቀሙ ሰዎች በአንድ ወገን ሐይቁን፣ በሌላው ወገን የቤት ጣሪያዎችን ቁልቁል እየተመለከቱ ያልፋሉ።

ግድቡ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ወይም መስኖ ለማልማት የታነጸ አይደለም። የተገነባበት ዋና ዓላማ አንድ ሲሆን፣ እርሱም ከቼሪ ክሪክ ወንዝ የሚነሣው ድንገተኛ ጎርፍ ዴንቨርን እንዳያጥለቀልቅ መከላከል ነው። ከግንባታው በኋላ ግን የክልሉ ሕዝብ በብዛት የሚዝናናበት ሥፍራ ለመሆንም በቅቷል። ጎርፍን መከላከልና ሕዝብን ማዝናናት በአንድ ቦታ እንዴት ተጣጥመው ሊሄዱ እንደቻሉ፣ የማይጣጣሙበትም ወቅት መቼ እንደሆነ የግድቡ ታሪክ ያስረዳል።

ቼሪ ክሪክ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ሲታይ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያሻው ወንዝ አይመስልም። ከዴንቨር በስተደቡብ ከሚገኘውና ፓልመር ዲቫይድ ተብሎ ከሚጠራው ከፍተኛ ሥፍራ ተነሥቶ፣ አሸዋማ በሆነ ሰፊ አልጋ ላይ በቀጭኑ እየፈሰሰ፣ በከተማዋ እምብርት ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ ወራት በእግር ሊሻገሩት ይቻላል። ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ1858 ወርቅ ፈላጊዎች በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ የቆረቆሯት ከተማ ስትሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች የወንዙን ደረቅ አልጋ እንደ ባዶ መሬት በመቁጠር ሕንፃዎቻቸውን በላዩ ላይ አቁመው ነበር። የአገሩ ነባር ሕዝቦች በዚያ ቦታ እንዳይሠሩ አስጠንቅቀዋቸው እንደነበር በከተማዋ በስፋት ይነገራል።

የስሕተቱ ዋጋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1864 ነው። በፓልመር ዲቫይድ ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ያስከተለው ጎርፍ በእኩለ ሌሊት ከተማዋን መታት። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ከነሰነዶቹ፣ በወንዙ አልጋ ላይ በእንጨት ምሶሶ ቆሞ የነበረው የሮኪ ማውንቴን ኒውስ ጋዜጣ ሕንፃም ከነማተሚያ መሣሪያው በውኃው ተወሰዱ። በአደጋው ሕይወታቸውን ያጡት ሰዎች ቁጥር ከ15 እስከ 20 እንደሚደርስ ይገመታል። ስድስት ዓመት ብቻ ለኖረች ከተማ ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም። የቦታ ይዞታና የአስተዳደር መዝገብ አብሮ መጥፋቱ ምን ማለት እንደሆነ በማዘጋጃ ቤት የሠራ ሰው አይስተውም።

ከዚያም በኋላ ወንዙ በየጊዜው መነሣቱን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1912 ከተማዋ ዳግመኛ በቼሪ ክሪክ ጎርፍ ተጠቅታለች። ለዛሬው ግድብ መሠራት ምክንያት ከሆኑት አደጋዎች ሁሉ የሚልቀው ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 1933 ሌሊት የደረሰው ነው። በዚያን ጊዜ ከዴንቨር በስተደቡብ፣ ፍራንክታውን ከተባለችው መንደር አጠገብ፣ ካስልውድ የሚባል ግድብ ነበር። ከድንጋይ የተሠራው ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1890 የተጠናቀቀው ለመስኖ ውኃ ማጠራቀሚያ እንጂ ለጎርፍ መከላከያ ተብሎ አይደለም። ስለ አስተማማኝነቱ ከጅምሩ አንሥቶ ጥርጣሬ ይነገር ነበር። በዚያች ሌሊት ለቀናት የዘለቀ ዝናብ በሞላው ሐይቅ ላይ ተጨመረና ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ግድቡ ተሰበረ።

በዚህ አደጋ ሊመዘገብ የሚገባው የጉዳቱ መጠን ብቻ አይደለም። የግድቡ ጠባቂ ሁኔታው እንዳላማረ ባየ ጊዜ በጭቃ መንገድ መኪና እየነዳ ስልክ ወዳለበት ቦታ ደርሶ ወሬውን አስተላለፈ። የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞችም በወንዙ ዳርቻ የሚኖሩትን በየተራ እየደወሉ ቀሰቀሱ። ውኃው ዴንቨር የደረሰው ሊነጋጋ ሲል በመሆኑ ለማስጠንቀቂያው የጥቂት ሰዓታት ጊዜ ተገኝቶ ነበር። የሞቱት ሰዎች ሁለት ሲሆኑ፣ በድልድዮች፣ በመንገዶችና በንብረት ላይ የደረሰው ጉዳት በዘመኑ ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የካስልውድ ፍራሽ ዛሬም በቦታው ቆሞ ይጎበኛል።

ዴንቨር ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1936 ኬንውድ የተባለ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ብትሠራም፣ ግድቡ ከወንዙ ኃይል ጋር የሚመጣጠን እንዳልሆነ ታመነበት። በመሆኑም ጉዳዩ ከከተማዋ አቅም ወጥቶ ወደ ፌዴራል መንግሥት ተዛወረ። ሥራው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ኮር ተብሎ ለሚጠራውና በአገሪቱ የጎርፍ መከላከያ ሥራዎችን ለሚመራው መሥሪያ ቤት ተሰጥቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ ግንባታው ተካሂዶ ተጠናቀቀ።

የአፈር ግድብ ሲባል ማንኛውም አፈር ተከምሮ የሚሠራ ማለት አይደለም። ውኃ የማያሳልፈው የሸክላ ባሕርይ ያለው አፈር በእምብርቱ በኩል በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ ይነሣል፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ክብደት የሚሰጠው ሌላ አፈር ይደገፈዋል። ውኃ በሚገኝበት ወገን ማዕበል እንዳይቦረቡረው በድንጋይ ይለበጣል። በደረቁ ወገን ሣር ይለብሳል፤ ዛፍ ግን እንዲያድግበት አይፈቀድም። ሥሩ በበሰበሰ ጊዜ ለውኃ መንገድ ይከፍታልና። ጉድጓድ የሚምሱ እንስሳትም በዚሁ ምክንያት ይከለከላሉ። በአካሉ ውስጥ የተቀበሩ መለኪያዎች በአፈሩ ውስጥ ያለውን የውኃ ግፊትና ስርገት ያሳያሉ። ለተመልካች ሣር የለበሰ ኮረብታ የሚመስለው አካል በየጊዜው የሚመረመር መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

የአፈር ግድብ ዋና ጠላት በአናቱ ላይ የሚፈስ ውኃ ነው። የኮንክሪት ግድብ ውኃ በአናቱ ቢያልፍበት ለተወሰነ ጊዜ ሊቋቋመው ይችላል። አፈር ግን ከጫፉ መሸርሸር ከጀመረ በሰዓታት ውስጥ ሊናድ ይችላል። የግድቡ ቁመት ከሐይቁ መደበኛ ወለል 29 ሜትር ያህል ከፍ እንዲል የተደረገው ስለዚህ ነው። ወደ ሥፍራው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ጎብኚ ይህን የሚያህል ግድብ ለዚህ ትንሽ ሐይቅ ለምን እንዳስፈለገ መጠየቁ የተለመደ ነው።

መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። በመደበኛ ጊዜ በሐይቁ ውስጥ የሚገኘው ውኃ 16 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ወለል በላይ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና የዚያን ስድስት እጥፍ የሚሆን ውኃ ሊይዝ የሚችለው ቦታ ሆን ተብሎ ባዶ ይተዋል። ለመስኖ ወይም ለኃይል ማመንጫ የሚሠራ ግድብ በሞላ መጠን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለጎርፍ መከላከያ የሚሠራ ግን ዋጋው ባዶ ቦታው ነው። ጎርፍ ሲመጣ ባዶው ሥፍራ ይሞላል፤ ከታች ያለው ወንዝ መሸከም በሚችለው መጠን በበሮቹ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል፤ ከዚያም ለሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ባዶ ይደረጋል። ግድቡ አምስት የውኃ መልቀቂያ በሮች አሉት። ውኃው 1 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚደርስ ተፋሰስ የሚሰበሰብ ነው።

አሠራሩ በተግባር የተፈተነው እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1965 ነው። ሰኔ 16 ቀን በፓልመር ዲቫይድ አካባቢ የጣለው ከፍተኛ ዝናብ ፕላም ክሪክ የተባለውን ወንዝ አስነሥቶ ወደ ሳውዝ ፕላት አስገባው። በሳውዝ ፕላት ላይ በዚያን ጊዜ ጎርፉን የሚገታ ግድብ ባለመኖሩ የዴንቨር የኢንዱስትሪና የባቡር መስመር አካባቢዎች በውኃ ተጥለቀለቁ። በተፋሰሱ 21 ሰዎች የሞቱ ሲሆን፣ የንብረቱ ጉዳት ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። በዚያው ሰሞን በቼሪ ክሪክ በኩል የመጣውን ጎርፍ ግን ግድቡ ይዞ አስቀረው። በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ወገን ግድብ የነበረው፣ በሌላው ወገን ያልነበረው ወንዝ ያደረሱት ውጤት ጎን ለጎን ታየ። ለሳውዝ ፕላት የታሰበው የቻትፊልድ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1975 ተጠናቀቀ። ቤር ክሪክ የተባለው ሦስተኛው ግድብም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። ሦስቱ ግድቦች ዛሬ በአንድነት የሚመሩ ሲሆን፣ በዴንቨር የሚያልፈው የሳውዝ ፕላት ፍሰት ከአቅሙ በላይ እንዳይሆን የአንዱ በር ሲከፈት የሌሎቹ ሁኔታ አብሮ ይታያል።

የቼሪ ክሪክ ሐይቅ እስከ ዛሬ ከፍተኛ ሆኖ የተመዘገበው ወለሉ እ.ኤ.አ. በ1973 የፀደይ ዝናብ ጊዜ የታየው ነው። ያን ጊዜ ውኃው ከመደበኛው አምስት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነበር። ይህም ለጎርፍ ከተተወው ከፍታ አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑ ነው።

መዝናኛ የታከለው በግድቡ ዋና ሥራ ላይ ተደርቦ ነው። የኮሎራዶ ግዛት በግድቡ ዙሪያ ያለውን መሬት ከፌዴራል መንግሥት ተከራይታ እ.ኤ.አ. በ1959 የግዛቲቱ የመጀመሪያ የሕዝብ ፓርክ አድርጋ ከፍታዋለች። ፓርኩ ሐይቁን ጨምሮ 1 ሺህ 600 ሔክታር ገደማ ስፋት አለው። የጀልባ ማቆሚያ፣ የመዋኛ ዳርቻ፣ የድንኳን ሥፍራ፣ የፈረስና የብስክሌት መንገዶች፣ የዒላማ ተኩስ ሜዳ ይገኙበታል። ትናንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎችን የሚያበሩ ሰዎች የራሳቸው ሜዳ ተሰጥቷቸዋል። ዎልአይ የተባለው ዓሣ በሚራባበት በመጋቢት ወር የግዛቲቱ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች እንቁላሉን እየሰበሰቡ በማስፈልፈያ ካራቡ በኋላ ጫጩቶቹን ለሌሎች ሐይቆችም ያከፋፍላሉ። በሐይቁ ጫፍ ባለው ረግረግ አጋዘን፣ ፔሊካንና ንስር ይታያሉ። ይህ ሁሉ የሚገኘው ከመኖሪያ ቤት በመኪና ጥቂት ደቂቃዎች ርቀት ላይ መሆኑ ለአካባቢው ሕዝብ ተፈላጊነቱን አሳድጎታል።

የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። መሬቱና ግድቡ የፌዴራል መንግሥት ናቸው፤ በሮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው የመሐንዲሶች ኮር ነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው፣ የመግቢያ ክፍያ የሚሰበስበውና ጠባቂ የሚመድበው የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ነው። በጎርፍ መያዣው ክልል ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ነገር የኮሩን ፈቃድ ይፈልጋል። መንገዱም፣ ጠረጴዛውም፣ መጸዳጃ ቤቱም አንድ ቀን በውኃ እንደሚዋጥ ታስቦ የሚሠራ ነው። ውኃው ከፍ ባለ ጊዜ ፓርኩ ይዘጋል፤ ለዋናተኛውም ሆነ ለጀልበኛው ተብሎ ጎርፍ አይለቀቅም፣ አይያዝምም። የቅድሚያው ቅደም ተከተል በጽሑፍ የሠፈረ በመሆኑ ክርክር አያስነሣም።

ክርክር የሚያስነሣው በውኃው ጥራት ላይ ያለው ችግር ነው። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ከመንገድ፣ ከሣር ሜዳና ከፍሳሽ ማጣሪያ ተቋማት የሚወርደው ፎስፎረስ በሐይቁ ውስጥ አልጌ እንዲበዛ ያደርጋል። በበጋ ሙቀት አንዳንዴ ጎጂ አልጌ በመታየቱ መዋኛው የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የግዛቲቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 በተፋሰሱ ውስጥ ያሉትን ከተሞች፣ አውራጃዎችና የውኃ ተቋማት የሚያቀናጅ የውኃ ጥራት ባለሥልጣን በሕግ አቋቁሟል። በሐይቁ ወለል ላይ አየር የሚነፉ ቧንቧዎች ተዘርግተው ውኃው እንዲንቀሳቀስ መደረጉም ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የጎርፍ ማስተንፈሻው ጉዳይ ነው። የትኛውም ግድብ ከታሰበለት መጠን በላይ ውኃ ቢመጣ ትርፉን አሳልፎ ራሱን የሚያድንበት መንገድ ያስፈልገዋል። የቼሪ ክሪክ መሐንዲሶች ይህን መንገድ ሲቀይሱ ትርፉ ውኃ ወደ ቼሪ ክሪክ ተመልሶ ዴንቨርን እንዳይመታ በማሰብ በስተምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ዌስት ቶልጌት ክሪክ እንዲፈስ አደረጉ። ውሳኔው በጊዜው የሚያስወቅስ አልነበረም። በ1950 የሕዝብ ቆጠራ ዴንቨር ከ415 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ቶልጌት ክሪክ የሚያልፍባት ኦሮራ ግን ነዋሪዋ 11 ሺህ ገደማ ብቻ የሆነ ትንሽ ከተማ ነበረች። አብዛኛው መሬት የከብት መሰማሪያ ነበር።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የኦሮራ ሕዝብ ከ386 ሺህ በልጧል። የማስተንፈሻው መንገድ ዛሬ በቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በንግድ ሥፍራዎች መካከል ያልፋል። ማስተንፈሻው አንድም ቀን ውኃ አፍስሶ ስለማያውቅ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ከደጃፋቸው የሚያልፈው ትንሽ ጅረት በማይታያቸው ግድብ ዕቅድ ውስጥ መግባቱን የሚያውቁበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው። ከዴንቨር ወገን የሚመጣው አደጋ ለሌላ ወገን የተዛወረው ማንም አስቦበት ሳይሆን ከተማው ወደ ማስተንፈሻው በማደጉ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን ፍጹም ሩቅ አይደለም። ኦሮራ ቁጥሩ ከፍ ያለ የኢትዮጵያውያንና የትውልደ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖርባት፣ የአገር ቤት ምግብ ቤቶችና ሱቆች የሚበዙባት ከተማ ናት። ከአዳማ ጋር የእህትማማች ከተማነት ግንኙነት ያላት ሲሆን፣ ዴንቨርም በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ናት።

የመሐንዲሶች ኮር በአገሪቱ የሚገኙ ግድቦቹን በአደጋ ሥጋት ደረጃ በሚመድብበት አሠራር ቼሪ ክሪክ ከፍ ያለ ትኩረት ከሚሹት መካከል ተቆጥሯል። መሥሪያ ቤቱ ምደባው ግድቡ ተሰንጥቋል ወይም ተዳክሟል ማለት እንዳልሆነ አስረድቷል። ሥጋቱ የመነጨው ከሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው እጅግ ከፍተኛና የመከሰቱ ዕድል እጅግ ጠባብ የሆነ ዝናብ ቢጥል ውኃው በግድቡ አናት ላይ ሊያልፍ መቻሉ፣ ሁለተኛው ይህ ቢሆን ከሥሩ የሚኖረው ሕዝብ ብዛት ነው። ሊጥል ይችላል የተባለው የዝናብ መጠን ግምት ራሱ ለዓመታት አከራክሯል። በ1990ዎቹ ግድቡን ከፍ የማድረግና ሌሎች አማራጮች በቀረቡ ጊዜ ከነዋሪዎችና ከግዛቲቱ ፖለቲከኞች ጠንካራ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ሊደርስ የማይችል ዝናብ እየታሰበ ገንዘብና መሬት ይባክናል የሚል መከራከሪያ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2013 ግን በዚያው ግዛት በቦልደር ከተማና አካባቢዋ በአንድ ሳምንት ውስጥ 430 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ጥሎ የዓመቱን ያህል ውኃ አውርዷል። ዝናቡ ቼሪ ክሪክን በዋናነት የነካ ባይሆንም፣ በአካባቢው ሊጥል የሚችለው ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ የራሱን ማስረጃ አክሏል።

ግድቡን ከፍ ማድረግም ቢሆን ዋጋው የገንዘብ ብቻ አይደለም። ተጨማሪ ውኃ መያዝ ማለት በጎርፍ ጊዜ ሐይቁ ወደ ኋላ ሰፍቶ በላይኛው ተፋሰስ ያሉ መንገዶችንና ቤቶችን መንካት ማለት ነው። በሮቹን በብዛት መክፈት ደግሞ በቼሪ ክሪክ ዳር ያሉትን የዴንቨር ሠፈሮች ይነካል። ማስተንፈሻውን ማስፋት ኦሮራን ይመለከታል። ለአንዱ ሠፈር የሚገኘው ደኅንነት ከሌላው ሠፈር የሚወሰድ በመሆኑ ውሳኔው ከምሕንድስና ይልቅ የአስተዳደር ጉዳይ ሆኗል።

በዕለት ተዕለቱ ሥራ ግድቡ በየዓመቱ ይመረመራል፤ በየአምስት ዓመቱም ሰፋ ያለ ፍተሻ ይደረግለታል። ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀው ዕቅድ ማን ለማን እንደሚደውል፣ የትኛው ሠፈር አስቀድሞ እንደሚለቅ ይዘረዝራል። ከዚህ በተጨማሪ በየዓመቱ በግንቦት ወር ማብቂያ ገደማ አምስቱ በሮች በተራ ለጥቂት ደቂቃዎች ተከፍተው በፊታቸው የተከማቸው ደለል ይታጠባል። በሮቹ በችግር ቀን እንዳይጣበቁ የሚደረግ ሥራ ነው። በዚያን ቀን ዴንቨር ድረስ በወንዙ ዳር የተዘረጋውን የብስክሌትና የእግር መንገድ የሚጠቀሙ ሰዎች ውኃው በድንገት ከፍ ሊል ስለሚችል ከዳርቻው እንዲርቁ አስቀድሞ ማስታወቂያ ይነገራቸዋል።